የቮልቴጅ መውረድ ምንድን ነው? ቀን ሠርቶ ማታ የሚጠፋው የበር ካሜራ

ቀን ቀን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ የበር ካሜራ አመሻሽ ላይ መጥፋትና መብራት ይጀምራል። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከአፍታ በኋላ ምስሉ ይመለሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲል አድሮ ጎህ ሲቀድ ያለማንም እርዳታ ደህና ይሆናል። ባለቤቱ «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም በመጀመሪያው ምሽት ያንኑ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፤ ችግሩም የቮልቴጅ መውረድ ይባላል።

የቮልቴጅ መውረድ ማለት ከአዳፕተሩ በ12 ቮልት የተነሣው ኃይል ገመዱ ውስጥ ሲጓዝ ከፊሉ በሽቦው ሬዚስታንስ (ሽቦው የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቃወምበት ባሕርይ) ወደ ሙቀት ተለውጦ እየቀረ፣ ካሜራው ዘንድ 11 ወይም 10 ቮልት ብቻ ሆኖ መድረሱ ነው። ሬዚስታንስ የሌለው ሽቦ ስለሌለ ችግሩ በማንኛውም ገመድ ላይ አለ። ልዩነቱ የሚወርደው መጠን ካሜራው ከሚችለው በታች መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። ብዙዎቹ ባለ 12 ቮልት ካሜራዎች በመመሪያቸው ላይ 10 በመቶ ግድም ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንደሚችሉ ይጽፋሉ፤ ይህም ከ10.8 እስከ 13.2 ቮልት ማለት ነው። ሰፋ ያለ ልክ የሚፈቅዱም አሉ፤ የየራሳችሁን ካሜራ ወረቀት ተመልከቱ።

ታዲያ ለምን ማታ ብቻ? የወረደው ቮልቴጅ የሚሰላው የሚጓዘውን አምፔር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት መጠን፣ በገመዱ ሬዚስታንስ በማባዛት ነው። ሬዚስታንሱ ቀንም ማታም ያው ነው፤ የሚለወጠው አምፔሩ ነው። ቀን ላይ ተራ ካሜራ 0.2 አምፔር አካባቢ ይበቃዋል። ሲጨልም በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት፣ ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶች ይበራሉ፤ ፍላጎቱ ወደ 0.5 አምፔር ያድጋል። የሚወርደውም ቮልቴጅ በዚያው ልክ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

አመሻሽ ላይ ካሜራው ሥር ቆማችሁ ብታዳምጡ ነገሩ ፊት ለፊት ይታያችኋል። መጀመሪያ «ጠቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ካሜራው ወደ ሌሊት አሠራር ሲዞር ከሌንሱ ጀርባ ያለችው ማጣሪያ ቦታ ስትለቅ ነው። ወዲያው መብራቶቹ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናሉ፤ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ካሜራው ይጠፋል፣ መብራቶቹም አብረው ይጠፋሉ። የሚስበው ኃይል ሲቀንስ ቮልቴጁ ያገግማል፣ ካሜራው እንደገና ይነሣል፣ ጨለማውን ያያል፣ «ጠቅ» ይላል፣ መብራቶቹን ያበራል፣ ይወድቃል። ይህ ዙር ሳያቋርጥ እስኪነጋ ይቀጥላል። በየሌሊቱ እንዲህ እየወደቀ የሚነሣ ካሜራ ዕድሜውም ማጠሩ አይቀርም።

ወሎ ውስጥ፣ በተለይ ደሴ ላይ፣ ይህ ችግር የሚባባስበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለተሠራች ብዙ ግቢ በእርከን የወረደ ነው፤ ቤቱ ከላይ፣ የውጭ በሩ ከታች። በዓይን 25 ሜትር የሚመስለው ርቀት ገመዱ በኮርኒስ ዞሮ፣ ግድግዳ ተከትሎ፣ አጥር ለአጥር ወርዶ በሩ ሲደርስ 45 ሜትር ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን ሲያለብሰው ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ስለሚቀንስ፣ ካሜራው ቀድሞ መብራቱን ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ቀንም እየጠፋብኝ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። እርጥበቱም መጋጠሚያዎቹን ያዝጋል፤ እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። የገመዱን ርዝመት በሜትር በ2 አባዙ፤ ኃይሉ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ ሁለቱም ይቆጠራሉ። በ0.0172 (የመዳብ ቋሚ ቁጥር ነው) አባዙና ለሽቦው ስፋት በስኩዌር ሚሊሜትር አካፍሉ፤ የምታገኙት ሬዚስታንሱ ነው፣ በኦም። እሱን በአምፔሩ ስታባዙ የሚወርደው ቮልቴጅ ይወጣል። 45 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ እንውሰድ። ሬዚስታንሱ 3.1 ኦም ይሆናል። ቀን በ0.2 አምፔር የሚወርደው 0.6 ቮልት ነው፤ ካሜራው 11.4 ስለሚያገኝ ቅሬታ የለውም። ማታ በ0.5 አምፔር 1.55 ቮልት ይወርዳል፤ ካሜራው የሚደርሰው 10.45 ብቻ ነው፤ ከ10.8 በታች። እውነታው እንዲያውም ከስሌቱ ይከፋል፦ አንዳንድ ካሜራ ቮልቴጁ ሲያንስበት ጉድለቱን ለመሙላት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ያ ደግሞ ቮልቴጁን ይብስ ያወርደዋል።

በዚሁ 0.5 አምፔር ከ1.2 ቮልት በላይ እንዳይወርድ ከተፈለገ፣ ባለ 0.5 ገመድ 35 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ባለ 0.75 ወደ 52 ሜትር፣ ባለ 1 ወደ 70 ሜትር፣ ባለ 1.5 ደግሞ 100 ሜትር ይሄዳል። የኔትወርክ ገመድ፣ ካት 5 የሚባለው፣ አንዱ ሽቦው 0.2 ስኩዌር ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ጥንድ 12 ቮልት ቢላክበት ከ14 ሜትር በላይ አያስኬድም። ብዙ ገጣሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ምስሉ በደንብ ስለሚያልፍ ኃይሉም የሚያልፍ ይመስላቸዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ገመዱ ንጹሕ መዳብ ከሆነ ነው። ገበያ ላይ ርካሹ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ በስሱ መዳብ የተቀባ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «ሲሲኤ» ተብሎ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ምንም አይጻፍም። ሬዚስታንሱ የመዳቡን 1.6 እጥፍ ግድም ስለሚሆን 35 ሜትር የተባለው ገመድ 22 ሜትር ላይ ይደክማል። ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን አስልጡና ሽቦውን በቢላ ፋቁት፤ ነጭ ሆኖ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ጥቅልሉን ስታነሡት መቅለሉ፣ ሽቦውም ጥቂት ጊዜ ሲተጣጠፍ ቶሎ መሰበሩ ሌላ ምልክት ነው። በካሜራ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚቆጠበው በካሜራው እንጂ በገመዱ መሆን የለበትም ብለን እናምናለን፦ ካሜራ በማንኛውም ቀን ይቀየራል፣ በግድግዳና በኮርኒስ የገባ ገመድ ግን ለማውጣት ቤት ያስፈርሳል።

አሁን ወደ መለካቱ። ብዙ ሰው ካሜራውን ይነቅልና የገመዱን ጫፍ በመልቲሜትር ይለካል፤ 12 ቮልት ያነብባል፤ «ገመዱ ደህና ነው» ይላል። ይህ ልኬት ምንም አይናገርም። ካሜራው ሲነቀል የሚጓዝ አምፔር የለም፣ አምፔር ከሌለ ደግሞ የሚወርድ ቮልቴጅ የለም። መለካት ያለበት ካሜራው እየሠራ፣ መብራቶቹም በርተው ነው። ለዚህ በብሎን የሚታሠር የዲሲ ማገናኛ፣ አረንጓዴ ጀርባ ያላት ትንሿ ዕቃ፣ ትጠቅማለች፦ ሽቦዎቹን እሷ ላይ አሥራችሁ ካሜራውን ሰኩና የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ብሎኖቹ ላይ አሳርፉ። ቀን ከሆነ ሌንሱንና ፊቱን በሙሉ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨለማ መስሎት መብራቱን ያበራል። በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ከ11.4 ወደ 10.4 ሲወርድ ካያችሁ መልሱ ተገኝቷል።

ከዚያ በዚያው ሁኔታ አዳፕተሩ አጠገብ ለኩ። እዚያ 12 ቆሞ ካሜራው ጋ 10.4 ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። አዳፕተሩ ራሱ ላይ ወርዶ ካገኛችሁት ግን ገመዱን አትንኩ፤ አዳፕተሩ ደክሟል ወይም ጭነት በዝቶበታል። ስምንት ካሜራ እያንዳንዱ ማታ 0.5 አምፔር ከወሰደ 4 አምፔር ነው፤ ሁሉም ከአንድ ባለ 3 አምፔር ሳጥን ቢያያዙ ሲመሽ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። በአጭሩ፦ ሁሉም ከጠፉ ኃይል ሰጪውን፣ ሩቁ ብቻ ከጠፋ የገመዱን ርዝመት፣ ቅርብ ያለው አንዱ ብቻ ከጠፋ መጋጠሚያውን ጠርጥሩ።

መጋጠሚያ ስንል በእጅ ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለውን ነው። ደረቅ ወቅት ላይ ይሠራል፤ ክረምቱ ሲገባ ውሃ ይጠጣል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ በጣት ርዝመት ያለች መጋጠሚያ ከ30 ሜትር ገመድ የበለጠ ሬዚስታንስ ልታበጅ ትችላለች። ናስትሮውን ስትፈቱት ሽቦው ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ታገኙታላችሁ። እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ቁረጡት፣ በብሎን ማያያዣ ወይም በብየዳ ግጠሙት፣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አኑሩት፤ ገመዱ ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ቀዳዳም ከታች በኩል ይሁን።

ገመዱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ከሁሉ የሚሻለው ወፍራም መዘርጋት ነው። በዚያው 45 ሜትር ላይ ባለ 1.5 ቢተካ ማታ የሚወርደው 0.5 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል። ካት 5 ተዘርግቶ ከሆነና ምስሉ በአንድ ጥንድ የሚሄድ የአናሎግ ካሜራ ከሆነ፣ የቀሩትን ሦስት ጥንዶች ለኃይል አጣምሩ፤ ከየጥንዱ አንዱን ሽቦ ለፖዘቲቭ፣ ሌላውን ለኔጋቲቭ አድርጋችሁ። 14 ሜትር የነበረው ልክ ወደ 42 ይደርሳል። ሌላው መንገድ 220 ቮልቱን እስከ በሩ ወስዶ አዳፕተሩን ካሜራው አጠገብ መትከል ነው፤ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። አዳፕተሩ ዝናብ በማያገኘው ሳጥን ይቀመጥ፤ 220ውና የምስሉ ገመድም በአንድ ቱቦ አይሂዱ፤ ለደኅንነትም ለምስሉም ይጎዳል።

አዲስ ለሚገጥም ሰው ግን ፒኦኢ የሚባለውን የኔትወርክ ካሜራ እንመክራለን። እሱ በአንድ የኔትወርክ ገመድ ምስልም ኃይልም ያስተላልፋል፤ የሚልከውም በ48 ቮልት አካባቢ ነው። 6 ዋት የሚፈልግ ካሜራ በ12 ቮልት 0.5 አምፔር ሲወስድ በ48 ቮልት 0.125 ብቻ ይበቃዋል። አምፔሩ በአራት ሲቀንስ የሚወርደው ቮልቴጅም በአራት ይቀንሳል፤ ከ48 ላይ መቀነሱ ደግሞ ከ12 ላይ እንደመቀነሱ አይሰማም። ደረጃው የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 100 ሜትር ይሠራል። አንድ ወጥመድ አለው፦ «ፓሲቭ ፒኦኢ» ተብለው የሚሸጡ ጥንድ ማገናኛዎች አሉ፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ብዙዎቹ የሚልኩት ግን ያንኑ 12 ቮልት ነው። ችግሩም ያው ነው።

የማይረዳውንም እንናገር። ስታቢላይዘር መግዛት ለዚህ ችግር ፋይዳ የለውም። የካሜራ አዳፕተሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የመስመሩ ቮልቴጅ 180 ቢሆንም 12ቱን አያጓድሉም፤ ጉድለቱ የሚፈጠረው ከአዳፕተሩ በኋላ ነው። «12ቱ ካነሰ 15 ቮልት ልላክበት» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። በዚያው ባለ 0.5 ገመድ ማታ እንኳ 13.45 ይደርሳል፣ ይህም ከ13.2 በላይ ነው፤ ቀን ደግሞ አምፔሩ ሲያንስ ካሜራው የሚደርሰው ከ14 ቮልት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በእርግጥም የሚቀየረው ካሜራው ይሆናል። ከስልክ ቻርጀር የሚሠሩት የዋይፋይ ካሜራዎች ደግሞ ገና ሲጀመር 5 ቮልት ብቻ ስላላቸው፣ ቀጭን የዩኤስቢ ማራዘሚያ 10 ሜትር ተስቦባቸው ማታ ቢጠፉ አይፈረድባቸውም፤ እነሱን ሶኬት አጠገብ ትከሏቸው።

መብራት ሲሄድ ካሜራው እንዲቆይ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያገናኘ፣ ወይም በገጠር በሶላር የሚጠቀም፣ ይህን ስሌት ሁለት ጊዜ ይሥራው። የሊድ አሲድ ባትሪ እየደከመ ሲሄድ ወደ 11.5 ቮልት ይወርዳል፤ ገመዱ 1.5 ቢበላበት ለሩቁ ካሜራ 10 ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ገና ኃይል እያለ የበሩ ካሜራ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። በተቃራኒው ሶላሩ ባትሪውን በሚሞላበት ሰዓት ቮልቴጁ 14.4 ይደርሳል፤ ይህም ከ13.2 በላይ ነው። ሁለቱንም የሚፈታው ከ9 እስከ 18 ቮልት ተቀብሎ ቋሚ 12 የሚያወጣ መቀየሪያ ነው፤ የሚተከለውም ባትሪው አጠገብ ሳይሆን በገመዱ ማዶ፣ ካሜራው ጋ።