ውሻና ድመት በሐሩር ወቅት፦ አያያዝና ጥንቃቄ

የውሻና የድመት የሐሩር ወቅት አያያዝ፣ የአየሩ ግለት ከሰውነታቸው አቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ ለእነዚህ እንስሳት በጥላ፣ በውኃ፣ በእንቅስቃሴ ሰዓትና በሕክምና ረገድ የሚደረገውን እንክብካቤ ያጠቃልላል። «የቤት እንስሳ» የሚለው የአማርኛ አጠራር ላምና በጉንም ስለሚያቅፍ፣ እዚህ የሚነገረው በግቢና በቤት ውስጥ ከሰው ጋር ስለሚኖሩት ስለ ሁለቱ ብቻ ነው። ወቅቱ እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐሩሩ የሚበረታው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ በክረምት ዝናብ ውስጥ ናት፤ ጋምቤላ ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ድሬዳዋ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ይግላሉ።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የድመትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ጆሮውን ዳሰው «አተኮሰው» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ውሻ እንደ ሰው ወይም እንደ ፈረስ ገላውን በላብ አያበርድም፤ የላብ ዕጢዎቹ በዋነኛነት በእግሩ መዳፍ ላይ ስለሆኑ የሚያስወግዱት ሙቀት ጥቂት ነው። ዋናው ማብረጃው ማለክለክ ሲሆን፣ አየሩ በአፍንጫው፣ በአፉና በምላሱ እርጥብ ገጽ ላይ በፍጥነት ሲመላለስ እርጥበቱ እየተነነ ደሙን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ራሱ እርጥበት የበዛበት ከሆነ ግን ትነቱ ይዳከማል፤ በዚህ የተነሣ በባሕር ዳርቻ ያለ 35 ዲግሪ በደረቅ ቆላ ካለ 35 ዲግሪ ይልቅ ለውሻ የከፋ ነው። ድመት ጠጉሯን በመላስ ገላዋን ታርሳለች፣ ቀዝቃዛ ቦታም መርጣ ትተኛለች። አፏን ከፍታ ካለከለከች ነገሩ ከተለመደው አልፏል ማለት ነው።

ያልታሰረ ውሻ ሙቀት ሲመጣበት ራሱ መላ ያበጃል፤ አፈሩን ጭሮ ከሥሩ ባለው ቀዝቃዛ መሬት ላይ ይጋደማል፣ ወደ ግንብ ጥላ ወይም ወደ ውኃ ጋኑ ሥር ይጠጋል፣ እንቅስቃሴውንም ወደ ማምሻ ያሸጋግራል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ይህ ምርጫ በሰው እጅ ሲወሰድበት ነው። በከተሞቻችን የተለመደው የጠባቂ ውሻ አያያዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ውሻው ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፤ ማደሪያው ብዙውን ጊዜ ከግቢው አጥር ጋር የተጠጋ የቆርቆሮ ቤት ነው። በደጋ ከተማ ይህ ቤት ከዝናብ ማስጠለያ ነው፤ በድሬዳዋ ወይም በመተማ ግን ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያወርድ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይብሳል። ጠዋት ጥላ የነበረው የሰንሰለቱ ዙሪያም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይሆናል፤ ሳህኑ ከተደፋ የሚሞላው ሰው ላይኖር ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ከቆርቆሮው በላይ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ ሣር ወይም ሰሌን መደረብ፣ በሩን ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ማዞር፣ ሰንሰለቱን ቀኑን ሙሉ ጥላ ወደማይለየው ቦታ ማዛወር፣ ውኃውንም በማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ሸክላ ውኃውን በቀስታ እያስተነነ እንደሚያቀዘቅዝ ገንቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የመዘጋት ዓይነት መኪና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚጨምር፣ ከጭማሪውም 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እንደሚደርስ አሳይቷል፤ መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም የረባ ለውጥ አላመጣም። በዚህ ስሌት 24 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ቀን እንኳ የመኪናው ውስጥ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ሕጉ የዘረዘራቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ያሟላ መንገደኛ እንስሳ ለማዳን የመኪና መስኮት ቢሰብር አይጠየቅም።

የመኪናው አደጋ በስፋት ስለሚነገር ሌላውን ሸፍኖታል። በብሪታኒያ የእንስሳት ክሊኒኮች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ምርምር፣ በሙቀት ከታመሙ ውሾች አራት እጅ ሦስቱ ገደማ የታመሙት በሩጫ፣ በጨዋታ ወይም በእግር ጉዞ ምክንያት መሆኑን አረጋግጧል። ውሻ ጌታው እየሮጠ ሳለ «በቃኝ» ብሎ የሚቆም እንስሳ ስላልሆነ፣ የማቆሙ ኃላፊነት በባለቤቱ ላይ ያርፋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ሠራተኞች በቀጥታ ፀሐይ ላይ እንዳይሠሩ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ለውሻ ግን ይህ ሰዓት ያንሳል፣ ምክንያቱም አስፋልቱ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ስለሚቆይ የመዳፉን ቆዳ ያቃጥላል። የእጅን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ ያህል መንገዱ ላይ አሳርፎ መታገሥ ካልተቻለ ውሻውም መሄድ የለበትም።

ተጋላጭነቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ቡልዶግ፣ ፐግና የፋርስ ድመት የመሳሰሉት ፊተ ደፍጣጣ ዝርያዎች የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ስለሆነ በደንብ ማለክለክ አይችሉም፤ በዚሁ ምክንያት ብዙ አየር መንገዶች በሞቃት ወራት በጭነት ክፍል ሊወስዷቸው ፈቃደኛ አይደሉም። ውፍረት፣ እርጅና፣ የልብና የሳንባ ሕመምም አደጋውን ያባብሳሉ። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ውሻ ሙቀቱን በከፊል ለመላመድ ከ10 እስከ 20 ቀን፣ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ደግሞ እስከ 60 ቀን ሊፈጅበት ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራና ጉዞ ሊቀነስለት ይገባል። ነጭ ጆሮና ነጭ አፍንጫ ያላቸው ድመቶች በፀሐይ ብዛት የቆዳ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል።

በምግብ በኩል ነገሩ አጭር ነው። የቤት ፍርፋሪ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል፤ ወጥ ግን በየትኛውም ወቅት አይመከርም፣ የበዛው ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳልና። ሙቀት መዥገርንም ያበዛል። ለውሻ ተብለው የሚሸጡ፣ ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለባቸው የመዥገር መድኃኒቶች ድመትን ስለሚገድሉ፣ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲኖሩ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሙቀት የመታው ውሻ ሳያቋርጥ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይወፍራል፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ይወድቃል፤ የሰውነቱ ሙቀትም ብዙ ጊዜ ከ41 ዲግሪ ያልፋል። ለሃጩን እያዝረበረበ የሚንገዳገድ ውሻ በአገራችን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ የሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ ሙቀት የሚያመጣው ባይሆንም፣ ክትባቱ የማይታወቅ ወይም የባዕድ ውሻ ከሆነ ሳይነኩ ከርቀት ውኃ ማፍሰስና ባለሙያ መጥራት ይገባል። የራስ ውሻ ሲሆን ግን ወደ ሐኪም ከመሮጥ በፊት ማቀዝቀዝ ይቀድማል፦ ወደ ጥላ ወስዶ በገላው ሁሉ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማፍሰስና ማራገብ። እርጥብ ጆንያ ወይም ፎጣ ደርቦ መተው ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ራሱን ለሳተ እንስሳ ውኃ በአፉ ማንቆርቆር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ፓራሲታሞልም ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይሠራም፣ ድመትን ደግሞ ይመርዛል። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 39.5 ዲግሪ ሲወርድ ማቀዝቀዙ ይቆማል። ተነሥቶ ጅራቱን ቢቆላም ምርመራው አይቀርም፤ የኩላሊት መድከምና የደም መርጋት መዛባት ብዙ ጊዜ የሚታዩት በቀጣዮቹ ቀናት ነው።