ኖብልስ ካውንቲ፦ ተመናምኖ ያገገመ የሚኒሶታ ገጠር

ኖብልስ ካውንቲ በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ አዮዋ ድንበር ላይ ያለ የበቆሎ፣ የአኩሪ አተርና የአሳማ አገር ነው። ዋና ከተማው ወርዚንግተን ነው። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1960 23,365 ነበር፤ በ1990 ወደ 20,098 ወረደ። ትራክተርና ኮምባይነሩ እየገዘፈ ሲሄድ አንድ ቤተሰብ የብዙ ጎረቤቶቹን መሬት ብቻውን ማረስ ቻለ። የ1980ዎቹ የዕዳ ቀውስም ብዙ ገበሬ ከእርሻው አስወጣ፤ ልጆች ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዱ።

በ2020 ቆጠራ ግን ቁጥሩ 22,290 ደርሷል። በሰሜን የሚያዋስነው መሪ ካውንቲ ያው አፈርና ያው አየር እያለው ከ2010 እስከ 2020 ከ8,725 ወደ 8,179 ቀንሷል።

ልዩነቱን ያመጣው የአሳማ ቄራው ነው። በ1960ዎቹ የተከፈተው ይህ ቄራ ዛሬ የጄቢኤስ ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ይዞ በቀን 20,000 ገደማ አሳማ ያርዳል። ሥራው ዲፕሎማ አይጠይቅም፤ በትንሽ እንግሊዝኛም ይገባበታል። ስለዚህ ከላኦስ፣ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከበርማ የመጡ ሰዎች ሰፍረውበታል። ከኢትዮጵያ በተለይ ኦሮሞዎችና አኝዋኮች፣ ከኤርትራም ሌሎች መጥተዋል። ቀድሞ የገባው ለዘመዱ ደውሎ ይጠራል፤ ማረፊያ ያገኝለታል፤ ማመልከቻ ያስሞላዋል። ሥራው ግን ከባድ ነው። በአንድ ፈረቃ ያንኑ የቢላ እንቅስቃሴ በሺዎች ጊዜ መደጋገም አንጓንና ትከሻን ስለሚጎዳ ብዙዎች ይለቃሉ፤ ቀጣሪውም ምልመላውን አያቋርጥም።

ሥራ ሰው ያመጣል እንጂ ሰው እንዲቆይ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ማነቆ ቤት ነው። በትንሽ ከተማ ኪራዩ የግንባታ ወጪን ስለማይመልስ ባንክ ለአፓርትመንት ማበደር ይፈራል። የሚኒሶታ የሠራተኛ ቤት ፕሮግራም ክፍተቱን በድጎማ የሚሞላው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ከተማው ከ500 በላይ ሕዝብ ሲኖረው፣ ባዶ የኪራይ ቤት ለሁለት ዓመት ከ5 በመቶ ሳይበልጥ፣ ቢያንስ 20 የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች «በቤት እጥረት ሰው መቅጠር አልቻልንም» ብለው በጽሑፍ ሲያረጋግጡ። ይህን ደብዳቤ የቀጣሪው ሥራ አስኪያጅ አስቀድሞ ካልፈረመ ማመልከቻው ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ትምህርት ቤት ደግሞ ዋናው የጠብ ምንጭ ነበር። ክፍሎቹ በስደተኛ ልጆች ሞልተው ሳለ መራጩ ከ2013 ጀምሮ የግንባታ ብድርን አምስት ጊዜ ውድቅ አደረገ። ዘርና ስደት በክርክሩ ውስጥ እንደነበሩ መካድ አይቻልም። ከሥሩ ግን የግብር ሥሌትም ነበረበት። የትምህርት ቤት ግንባታ ዕዳ የሚከፈለው ከንብረት ግብር ነው፤ ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ፣ ገቢው ያንን ያህል ባይሆንም፣ ከከተማ ነዋሪው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ግዛቱ በ2017 በወጣ ሕግ፣ ከ2018 ግብር ጀምሮ፣ ከእርሻ መሬት ላይ ከሚጣለው የዚህ ግብር 40 በመቶውን ራሱ መሸፈን ጀመረ፤ ድርሻው በየደረጃው ከፍ ብሎ ከ2023 ወዲህ 70 በመቶ ሆኗል። ቅናሹ የገበሬውን መኖሪያ ቤት፣ ጋራዡንና አንድ ኤከር ግቢውን አይነካም። በኅዳር 2019፣ በስድስተኛው ሙከራ፣ 34 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣው ብድር በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ስለዚህ ቀጣሪ ሲስፋፋ የግብሩ ሸክም ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያላሰላ ካውንቲ ድምፅ ላይ መውደቁ አያስገርምም።

በአንድ ቄራ ላይ መንጠልጠልም ዋጋ አለው። በታኅሣሥ 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊስ በወርዚንግተኑ ቄራና ያኔ ባለቤቱ በነበረው በስዊፍት ኩባንያ አምስት ሌሎች ቄራዎች ላይ በአንድ ቀን ባካሄደው ፍተሻ ወደ 1,300 ሠራተኞች ታሰሩ፤ በማግስቱ ባዶ የሆኑት ኪራይ ቤቶቹም ነበሩ። በሚያዝያ 2020 ደግሞ ቄራው በኮቪድ ምክንያት ለሳምንታት ተዘጋ። አሳማ ለዕርድ ሲደርስ በጋጣው ውስጥ ማቆየት አይቻልም፤ ቦታው በኋላ ለሚመጣው ግልገል የተያዘ ነው፣ ክብደቱም የቄራው የዕርድ መስመር ከሚችለው መጠን በላይ ይሆናል። ስለዚህ አርቢዎች የሚሸጡበት አጥተው ራሳቸው ለመግደል ተገደዱ።