ሽሮ፦ የዘወትር ማዕድና ያልተጠራ እንግዳ

ሽሮ ከጥራጥሬ ክክ ዱቄት የሚሠራ ወጥ ነው። ዱቄቱም ወጡም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከሀብታምም ከድሃም ጓዳ ስለማይጠፋ ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ያየዋል፤ የሠርግ ድግስ ዋና ወጥ አይሆንም፣ ፋሲካ ሲደርስም የሚያስታውሰው የለም። እኔ ግን የአንድ ቤት እንግዳ ተቀባይነት የሚታወቀው በዓመት በዓል በሚሠራው ዶሮ ሳይሆን ማክሰኞ ማታ ሳይጠራ ለደረሰ ሰው በሚቀርበው ማዕድ ነው እላለሁ። ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የሽሮ ድካም ግን ከወራት በፊት አልቆ በዕቃ ተከድኖ ተቀምጧል፤ እንግዳው በር ሲያንኳኳ የሚቀረው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል፤ ሁለቱን ወይም ሦስቱን የሚቀላቅልም አለ። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ተዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት የሚያድግ እህል ነው፤ የአዳ፣ የበቾና የምንጃር ሸንኮራ አካባቢዎች በዚህ ይታወቃሉ። ጓያም ለሽሮ ይውላል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ከሌላ እህል አብልጦ የተመገበው ሰው እግሩ በማይድን ሽባነት ሊያዝ ስለሚችል ጠንቃቃ ባለሙያ ከቤቷ አታስገባውም።

እህሉ ተለቅሞ፣ በፈላ ውሃ ተገንፍሎ፣ ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ይቆላል። ከዚያ ይከካና በሰፌድ እየተበጠረ ገለባው ይወጣለታል። በዚህ ክክ ላይ በርበሬ፣ ጨው፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንዴም ኮሰረት ሲጨመርበት ምጥን ሽሮ ይባላል። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ቅመሙ ተመጥኗል ማለት ነው። ልኩ ግን በወረቀት የተጻፈ አይደለም። በእጅ እየተዘገነ፣ እየተሸተተ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ በመሆኑ ከአንድ ግቢ ሁለት ቤቶች የወጣ ሽሮ አንድ ዓይነት አይጣፍጥም። በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ደግሞ ለልጆችና ለጨጓራ ታማሚዎች ለብቻው ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ፀሐይ ስለሚፈልግ ክረምት ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት። ወፍጮ ቤት ሲኬድም ብልሃት አለ፤ ነጭ ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው ከበርበሬ ቀጥሎ ማስፈጨት ስለማይፈልግ ብዙ ወፍጮ ቤቶች ለበርበሬና ለሽሮ የተለየ ወፍጮ አላቸው። ዱቄቱ ከወፍጮ እንደወጣ ትኩስ ነው። ሳይበርድ የከደነው ሰው ላቦቱ ውስጥ ቀርቶ ሲሻግትበት በቀጣዩ ዓመት መታገሥን ይማራል።

አክስቴ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምትገባበት የራሷ መንገድ ነበራት። «ምን ልሥራልህ?» ብላ አትጠይቅም፤ እንዲህ የተጠየቀ እንግዳ «አሁን በልቼ መጣሁ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ስለ ልጆቹ ጤና እየጠየቀች ትነሣለች፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ የቢላዋ ድምፅ ይሰማል። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቃ ትከትፍና መጀመሪያ በደረቁ ታቁላላዋለች፤ ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ነጭ ሽንኩርት ጣል ታደርግበታለች፣ ውሃ ትጨምራለች። ውሃው ሲፈላ በግራ እጇ ሽሮውን እየነሰነሰች በቀኟ ታማስላለች። እጇ ለአፍታ ከቆመ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ሽሮ ደግሞ እንግዳው ምንም ባይናገር እንኳ በጥርሱ ይታወቀዋል። አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ ዱቄቱን አስቀድመው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠብጡታል፤ አክስቴ ይህን እንደ ሽንፈት ትቆጥረው ነበር።

ከዚህ በኋላ እሳቱ ይቀንሳል። ሽሮ እየተንተከተከ ወደ ምድጃው ስለሚፈናጠር ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወፈር ሲል የበሰለ ይመስለዋል። የበሰለ ሽሮ ምልክቱ ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱና የጥሬ ዱቄት ሽታው መጥፋቱ ነው። ሊወርድ ሲል ከመሃሉ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ የፍስክ ቀን ከሆነም አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይገባበታል።

አሠራሩ እንደ ውፍረቱና እንደ ማጣፈጫው ስሙን ይለውጣል። ቀጠን ያለው ሽሮ ፈሰስ ይባላል። ወፍሮ በትንሽ የሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚቀርበው ተጋቢኖ ነው። ሥጋ የገባበት ቦዘና ሽሮ ይባላል። ሰው ሲበዛ ውሃ መጨመር የቆየ ቀልድ ቢሆንም እውነትነት አለው፤ ለሦስት ሰው የተጣደ ሽሮ ጥቂት ዱቄትና ውሃ ቢታከልበት አምስት ሰው ያበላል። ጥብስ እንዲህ አያደርግም።

እንግዳው ልክ ገበታው ሲቀርብ ከደረሰ «አማትህ ትወድሃለች» ይባላል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ማስታጠቢያና ውሃ ይዞ እጅ ያስታጥባል። በትሪው ላይ እንጀራው ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋና ሽሮው ከመሃል ይፈስበታል፤ ከዳር ስንግ ቃሪያ፣ ቲማቲም በሽንኩርት፣ ካለም ጎመን ወይም አይብ ይደረጋል። ከቀዩ ሽሮ ጎን አረንጓዴና ነጭ ሲያርፍ ዓይን ይስባል፤ ይህ ወጪ አይጠይቅም፣ ትንሽ ማሰብን እንጂ። ጠርዙ በወጥ የተዝረከረከ ትሪ ግን አስተናጋጇ እንግዳው ቶሎ እንዲሄድላት የፈለገች ያስመስላል። ከዚያ «በሞቴ»ው ይጀምራል። ጉርሻም ይመጣል፤ አንዱን የዋጠ ሰው «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛውን ይጎርሳል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው አባባል በጥሬ ቃሉ የሚሠራው እንዲህ ባለ ገበታ ላይ ነው፤ ፊቷን አጥቁራ ዶሮ ካቀረበች ይልቅ ፊቷን ፈትታ ሽሮ ያቀረበች ትመረጣለች።

ስለ ሽሮ ሲጻፍ ብዙም የማይነሣ አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየራሱ ያረደውን ሥጋ ይበላል እንጂ አንዱ የሌላውን አይነካም፤ በሠርግና በለቅሶ ለጎረቤት ሲባል ለየብቻ ይታረዳል። ሥጋ የሌለበት ሽሮ ግን ይህ ወሰን አይመለከተውም። ድንገት የገባ ጎረቤት ማን አረደው ብሎ ሳይጨነቅ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ምእመናን ከሥጋና ከወተት ተዋፅኦ ሲርቁ በዘይት የተሠራ ሽሮ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ የሃይማኖትም የወቅትም ሰበብ የማይመልሰው ማዕድ ነው።

ደረቅ ዱቄት በመሆኑ ሩቅ ይጓዛል። ወደ ዋሽንግተንም ሆነ ወደ ቤይሩትና ሪያድ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱ በፊት የሚሸተው ሽሮና በርበሬ ነው። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብም እንጀራውንና ሽሮውን ይዞ ኖሯል። በውጭ አገር አፓርታማ ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ጎረቤት ያውካል፤ ሽሮ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃም ቢሆን ያለ ጩኸት ይበስላል። ከሥራ ማታ ሦስት ሰዓት የገባች ሴት ከባልንጀራዋ ጋር ለመብላት ከዚህ የፈጠነ የአገር ቤት ወጥ አታገኝም።

እንግዳው አምሽቶ ካደረ ደግሞ ከማታው የተረፈ ሽሮ አለ። ሲያድር ይወፍራል፣ ቅመሙም ይበልጥ ይዋሐዳል። ጠዋት በጥቂት ውሃ ይቀጥንና ይሞቃል፣ የትናንት እንጀራ ይቆራረስበታል። ሻዩ እስኪፈላ ፍርፍሩ ይደርሳል።