«ሃያ ሁለት እኮ መጫወቻ ነው»፦ የዒላማ ሽጉጥን በቤት ውስጥ ስለማሻሻል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ ያስገባ የዒላማ ተኳሽ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ባለ .22 ሎንግ ራይፍል (የአንድ ትንሽ ጥይት ስም ነው) ሽጉጡ ላይ ነው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ርግጫው ቀላል ነው፣ መፍታቱና መግጠሙም አያስቸግርም። ነገር ግን ስለዚህ ሽጉጥ ከሚነገረው ምክር ብዙው ከሌላ ዓይነት ሽጉጥ የተቀዳ ነው። በእኔ እምነት ትርፉ ያለው እጅ የሚይዘውና ዓይን የሚያየው ክፍል ላይ ነው። ግፊት የሚሸከመውንና ጥይቱን የሚያስነሳውን ክፍል የነካ ሰው ብዙውን ጊዜ ከስሮ ነው የሚወጣው።

«ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ብረቱን ትንሽ ብቀንስ ምንም አይሆንም»

ለ.22 ሎንግ ራይፍል የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 24,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። ለ9 ሚሊሜትር ሉገር፣ ለተለመደው ትልቅ የሽጉጥ ጥይት፣ ደግሞ 35,000 ነው። ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። የመኪና ጎማ በ30 ፒኤስአይ አካባቢ እንደሚነፋ ካሰብን ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ጥይት ቀለህ ስስ ነው፤ መሆንም አለበት። የሚያቀጣጥለው ውህድ የተቀመጠው በቀለሁ ግርጌ ባለው ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መቺው መርፌ ጠርዙን ካልጨፈለቀው ጥይቱ አይነሳም። ስለዚህ ቀለሁን ደግፎ የሚይዘው ጥይቱ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ግድግዳ ነው። ጥይቱ ቀለል ብሎ ይግባልኝ ብሎ የቀዳዳውን አፍ ያሰፋ ሰው ቀለሁን ያለ ድጋፍ ትቶታል፤ የሚፈነዳውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ መዝጊያውን፣ ቀዳድቶ ማቅለልም ያው ነው። አብዛኞቹ ከፊል አውቶማቲክ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሱ) .22 ሽጉጦች መዝጊያውን የሚቆልፍ ነገር የላቸውም፤ ግፊቱ እስኪወርድ ድረስ ከኋላ የሚይዙት የመዝጊያው ክብደትና ሞላው ብቻ ናቸው። ክብደቱ ሲቀንስ መዝጊያው ቶሎ ይከፈታል፤ ገና ግፊት ያለበት ቀለህም ያለ ጊዜው ይወጣል።

«ያለ ጥይት ቃታ መሳብ ጉዳት የለውም»

የጥይቱን መሐል በሚመቱ ዘመናዊ ሽጉጦች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። እዚህ ግን መርፌው የሚመታው ጠርዝን ነው፤ ቀለህ ከሌለ የቀዳዳውን አፍ ብረት ሊመታ ይችላል። ደጋግሞ ሲመታው አፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥይት ለመግባትም ቀለህ ለመውጣትም ያስቸግራል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በጥይቱ ላይ ያላክካል።

አንዳንድ ሞዴሎች ለዚህ መከላከያ አላቸው። የሩገር ማርክ ሽጉጦች መዝጊያ ውስጥ መርፌውን ከልክ በላይ እንዳይሄድ የሚያቆም ትንሽ ዘንግ አለች። አጥቦ ሲገጥም እሷን ጠረጴዛ ላይ የረሳ ሰው መከላከያውን አብሮ ረስቷል።

ጉብታው ከወጣስ? ብዙ ሰው ወዲያው ሞረድ ያነሳል። ጉብታው ግን ከቦታው የተገፋ ብረት ነው እንጂ ትርፍ ብረት አይደለም። ሞርደው ካነሱት ጉድጓዱ ለዘለዓለም ይቀራል። ሙያተኞች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ልሙጥ ሾጣጣ መሣሪያ ያስገቡና ብረቱን ወደነበረበት ይገፉታል።

«ቃታው በቀለለ ቁጥር ዒላማው ይጠራል»

በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት በ25 ሜትር ውድድር የቃታው ክብደት ከ1,000 ግራም ማነስ የለበትም። ዳኞች ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመው ክብደቱን ቃታው ላይ አንጠልጥለው ይለኩታል። የዓለም ምርጥ ተኳሾች በዚህ ክብደት ይተኩሳሉ። የሚፈልጉት ቃታ የቀለለ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ቃታ ነው።

ደግሞ መርፌውን የሚመታውን የመዶሻውን ሞላ የሚያላላ ሰው ቃታውን ብቻ ሳይሆን ምቱንም ያዳክማል። ጠርዝ ለመጨፍለቅ ጠንካራ ምት ያስፈልጋል፤ ሞላው ሲላላ የማይነሱ ጥይቶች ይበዛሉ። መዶሻውን ይዞ የሚያቆመውን ጥርስ በድንጋይ ማለስለስ ከሁሉም የከፋ ነው። በብዙ ሽጉጦች ላይ ጠንካራው ብረት ላዩ ላይ ያለ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እሱ ከተገፈፈ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በቶሎ ይበላና መዶሻው ማንም ቃታ ሳይስብ ይወድቃል። ይህን ሥራ ለሙያተኛ መተው ወይም ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ክፍል መግዛት ይሻላል።

«ፍሬዛ (ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ከሌለህ አትጀምር»

እኔ ብሆን የምጀምረው ከእንጨት ነው። ከእጅ ጋር በልኩ የተቀረጸ የዋልነት እንጨት መያዣ የሚሰጠውን ለውጥ ብዙ ማሽን የፈጀ ሥራ አይሰጥም፤ የሚጠይቀውም ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። ለውድድር ከሆነ ሽጉጡ ሙሉ በሙሉ 300 በ150 በ50 ሚሊሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ክብደቱም ከ1,400 ግራም አይበልጥም። መያዣውን ከማወፈር በፊት ይህን ሳጥን ከካርቶን ሠርቶ መሞከር ብዙ እንጨት ያተርፋል።

የፊት ማነጣጠሪያም እንዲሁ በእጅ የሚሠራ ነው፤ ግን በግምት አይሞረድም። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 200 ሚሊሜትር ነው እንበል። በ25 ሜትር ጥይቶቹ ከመሐል 50 ሚሊሜትር ዝቅ ብለው ይመታሉ። 200ን በ50 አባዝቶ ለ25,000 ማካፈል ነው፤ መልሱ 0.4 ሚሊሜትር ይሆናል። የፊቱ ማነጣጠሪያ በዚህ ልክ ረዝሟል ማለት ነው። መጀመሪያ 0.2 ብቻ ሞርዶ፣ በካሊፐር ለክቶ፣ ተኩሶ ማየት፤ የተረፈውን ከዚያ በኋላ። የተቆረጠ ብረት አይመለስምና።

ቶርኖው ደግሞ የሚዛን ክብደቶችንና የመያዣ ብሎኖችን ለመሥራት ይጠቅማል።

«ጥቁር ቀለሙን ሞቅ ባለው ዘዴ እመልሰዋለሁ»

መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ብዙ .22 ሽጉጦች የአሉሚኒየም ክፍል አላቸው፤ የዋልተር ፒ22 ተንሸራታች መዝጊያ ደግሞ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። ብረት የሚያጠቁረው ትኩስ ጨው ኮስቲክ ሶዳ አለበት፤ አሉሚኒየም እሱ ውስጥ ሲገባ አይጠቁርም፣ ይሟሟል። ማግኔት የማይስበውን ነገር እዚያ ውስጥ መክተት አይገባም።

«ፈቃድ አለኝ፣ የፈለግኩትን ልሥራ»

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጡት ሕጎች .22ን ጨምሮ አብዛኛውን ሽጉጥ ከግለሰብ እጅ አስወጥተዋል። በአሜሪካ ደግሞ በሕግ ዓይን ሽጉጡ የሚባለው መለያ ቁጥር ያለበት ክፍል ነው፤ ያም ሁልጊዜ መያዣው ያለበት አይደለም። በሩገር ማርክ ሽጉጦች ላይ ቁጥሩ ያለው አፈሙዙ በተገጠመበት በላይኛው ክፍል ነው። ሲያለሰልሱ ያንን ቁጥር ማጥፋት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

«ጨርሻለሁ፣ ካዝናውን ሙሉልኝ»

የተነካካ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ በመተኮሻ ሜዳ ላይ መጀመሪያ በአንድ ጥይት ብቻ ይሞከራል። ከዚያ በሁለት። ቃታው አንዴ ተስቦ ሁለቱም ከተተኮሱ፣ የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ሙያተኛ እስኪያየው ድረስ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል።