የቆርኪ ጎማ፣ የጀበና ጭስ ማውጫ፦ ከቤት ተረፈ ዕቃ የሚሠሩ የምናብ ባቡሮች በጅማ

የምናብ ባቡር ሥራ ቆርኪን፣ ጣሳን፣ የሃይላንድ ጠርሙስን፣ ካርቶንን፣ የተሰበረ ሸክላንና ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨትን የመሳሰሉ፣ የመጀመሪያ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ዕቃዎችን በማገጣጠም ትንንሽ ባቡሮችን የመሥራት የእጅ ጥበብ ነው። ከተለመደው የባቡር ሞዴል ሥራ የሚለየው በዓላማው ነው። ሞዴል ሠሪ አንድን እውነተኛ ባቡር አሳንሶ ለመድገም ሲጥር፣ የምናብ ባቡር ሠሪ በየትኛውም ሐዲድ ላይ ሄዶ የማያውቅ ባቡር ይፈጥራል፤ ቅርጹንና መጠኑንም በአብዛኛው የሚወስኑለት እጁ የገቡት ዕቃዎች ናቸው። ሥራው ልዩ መሣሪያም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መቀስ፣ መዶሻ፣ ሚስማር፣ ፒንሳና ጥቂት ቀጭን ሽቦ ካሉ ይጀመራል።

ባቡር ባልደረሰበት ከተማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በቡናዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። የምድር ባቡር ግን ደርሶባት አያውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገብቷል። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም 1 ሜትር የነበረው ይህ መስመር ለገሃር ላይ አበቃ፤ ወደ ምዕራብም አልተሻገረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ጅማ የሚዘልቅ ሐዲድ በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ቢካተትም መሬት ላይ አልተዘረጋም። የከተማዋ ቡና ወደ ባቡሩም ሆነ ወደ ወደቡ የሚሄደው ጊቤን በሚሻገረው የመኪና መንገድ ነው።

ስለዚህ ጅማ ላይ ያደገ ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በሥዕል፣ በቴሌቪዥን፣ አዲስ አበባ ደርሰው ከተመለሱ ዘመዶች ወሬና ከቃሉ ነው። ቃሉ ራሱ ሰፊ ነው። «ባቡር» ፈረንጆቹ ለእንፋሎት ከሚሰጡት ስም የመጣ ሆኖ በአማርኛ እህል የሚፈጭ ሞተርንም ሲያጠቃልል ኖሯል፤ በሐዲድ የሚሄደውን ለመለየት «የምድር ባቡር» የተባለውም ለዚህ ነው። «ፉርጎ» እና «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ፣ «ሐዲድ» ብረት ማለት ሆኖ ከዓረብኛ የገቡ ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ምንጭ የሚነሣ ባቡር ከመነሻው የምናብ መሆኑ አይቀርም። ጢስ የሚተፋ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡር ሞተር) ጣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ዓይነት የኤሌክትሪክ መቀበያ ክንድ ቢተከል፣ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስሕተት ነው ብሎ ያርመው ይሆናል። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የአንድ መቶ ዓመት የባቡር ታሪክ አንድ ጣሳ ላይ ተጠቅልሎ የሚገኘው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ብቻ ነውና።

ከልኬት ወደ ምናብ

በአውሮፓ የመጫወቻ ባቡር ወጥ መለኪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ሐዲዶችን በቁጥር ለይቶ ባቀረበ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያው ወደ ትክክለኛነት አዘነበለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው ሞዴል ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን ሐዲዱም 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከዚህ መንገድ በግልጽ ከወጡት መካከል እንግሊዛዊው ሮውላንድ ኤሜት (1906–1990) ይጠቀሳል። ኤሜት በፓንች መጽሔት ላይ ረጃጅም ጭስ ማውጫ ያላቸውን ዘንካታ ባቡሮች በካርቱን ይሥል የነበረ ሰው ሲሆን፣ በ1951 በተካሄደው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ እነዚያ ሥዕሎች ሰው ጭነው የሚሄዱ ባቡሮች ሆነው ለንደን ባተርሲ ውስጥ ተሠርተዋል። በኋላ የሠራቸው ተንቀሳቃሽ ማሽኖችም ከወጥ ቤትና ከሳሎን በተገኙ ዕቃዎች የተሞሉ ነበሩ። የጅማው ሥራ ከኤሜት የተቀዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ልጆች የሽቦና የቆርኪ መኪና ሲሠሩ የቆዩት ከማንም ተምረው ሳይሆን በየሰፈራቸው ነው፤ ባቡሩም የዚያ መኪና ታናሽ ወንድም ነው።

ዕቃው ከየት ይገኛል

በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። ጣሳ የገበያ መስፈሪያ ይሆናል፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት፣ ማር ወይም ጋዝ ይይዛል፤ ብረታ ብረቱን ቁራሌው ይገዛል፣ አሮጌ ልብሱን ልዋጭ ይወስደዋል። ለባቡር የሚቀረው እንግዲህ ዋጋ የሚያወጣለት ያጣ ዕቃ ነው፤ ቆርኪ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የዛገ ጣሳ፣ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና። ጅማ ላይ በዚህ ላይ የሚጨመር ሀብት አለ። ከተማዋ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎቿ የታወቀች ስለሆነች፣ ከአናጢዎች ደጃፍ የዋንዛ ቁርጥራጭና ሰጋቱራ አይጠፋም። ቁርጥራጩ የፉርጎ ወለል ይሆናል፤ ሰጋቱራው በኮላ ተለውሶ ሐዲዱ የሚያልፍበትን ኮረብታ ይሸፍናል፤ የቡና ገለባም ለዚሁ ያገለግላል።

ከሁሉም በላይ ሊነገርለት የሚገባው ቆርኪ ነው። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ በየአገሩ 21 ጥርስ ያለው፣ ጥርሱ ጋ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ፊቱ ጋ ደግሞ ከዚያ ጥቂት የሚያንስ ክብ ቆርቆሮ ነው። ይህ ቅርጽ ከባቡር ጎማ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ያስደንቃል። የእውነተኛ ባቡር ጎማ ሐዲዱን የሚነካው ገጹ ወደ ውጭ ትንሽ እየጠበበ የሚሄድ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዝ ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ቆርኪው ፊቱ ወደ ውጭ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ ሆኖ ሲተከል ጠባቡ ክፍል በሐዲዱ ላይ ይሄዳል፣ የተዘረጋው ጥርስም የከንፈሩን ሥራ ይሠራል። ብዙ ጀማሪዎች በተቃራኒው ይተክሉትና ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ሲወድቅ ምክንያቱ ይጠፋባቸዋል። ከንፈሩ አነስ ካለ ከቆርኪው ጀርባ ትንሽ ሰፋ ያለ ክብ ፕላስቲክ ይደረብበታል።

መሐሉን ለማግኘት ወረቀት በቆርኪው ልክ በክብ ይቆረጥና ሁለት ጊዜ ለአራት ይታጠፋል፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ በሚስማር ይበሳል። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ቀዳዳው በጊዜ ብዛት እየሰፋ ጎማው መወላገድ ይጀምራል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ክብ ጎማ በቆርኪው ውስጥ አጥብቆ መሙላት ነው። የብረት ዘንጉ በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ያልፋል፣ ቀፎውም ከፉርጎው ሥር ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ጎማዎች ከዘንጉ ጋር አብረው ይዞራሉ፣ የእውነተኛው ባቡር ጎማም የሚዞረው እንዲሁ ነው።

መጠንን በተመለከተ ቆርኪው ራሱ ይፈርዳል። የእውነተኛ ፉርጎ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው፣ በቆርኪ የሚሄድ ባቡር ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያህል የሚያንስ ይሆናል። በዚህ ስሌት የቀድሞው የአንድ ሜትር ሐዲድ 31 ሚሊ ሜትር፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር የሞዴል ሠሪዎች ቁጥር አንድ ከሚሉት የቆየ ሐዲድ ጋር አንድ ነው።

ፕላስቲክ የራሱ ጠባይ አለው። የሃይላንድ ጠርሙሱ አካልና ክዳኑ የተሠሩት ከተለያየ ፕላስቲክ ነው። አካሉ፣ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር የታተመበት፣ ማስቲሽ በመጠኑ ይቀበላል፤ ሙቀት ሲነካው ስለሚኮማተርም እንጨት ውስጡ አስገብቶ በፈላ ውኃ በማሞቅ የመስኮት ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል። ክዳኑና ጀሪካኑ ግን 2 ወይም 5 ቁጥር ያላቸው ስለሆኑ ተራ ኮላ ጠብቆ አይዝባቸውም፤ በሽቦ መስፋት ወይም በብሎን ማሰር ያስፈልጋል። የጣሳ ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ መመታት አለበት፣ እጅ ይቆርጣል። የተባይ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ባቡሩ በአብዛኛው የሚሄደው በእጅ ተገፍቶ ወይም በክር ተጎትቶ ነው። ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ትንሽ ሞተር ከሁለት ወይም ከአራት የባትሪ ድንጋይ ጋር በላስቲክ ከዘንጉ ሲያያዝ በራሱ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ባቡር በቅርብ

በጅማ ሂርማታ ሰፈር አቅራቢያ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ ያየሁት ባቡር አንድ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ነበረው። የሎኮሞቲቩ ሆድ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጭስ ማውጫው ጥላሸቱ ያልለቀቀው የጀበና አንገት ነበር፤ ጠጋ ብለው ቢያሸቱት አሁንም ቡና ይሸታል። የመጀመሪያው ፉርጎ ከጆንያ ቅዳጅ የተሰፋች፣ ጥሬ ቡና የሞላባት መዳፍ የማታህል ከረጢት ጭኗል። የሁለተኛው ጣሪያ የእንቁላል ካርቶን ስለሆነ አንድ ሙሉ ረድፍ ጉልላት ያለው ይመስላል። ሦስተኛው የመንገደኛ ፉርጎ ሲሆን ለመጋረጃ የነጠላ ጥለት ተሰቅሎበታል፤ መቀመጫዎቹ ስድስት በርጩማዎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት እግር ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ የዋንዛ ቁራጭ በምላጭ የተፈለፈሉ። በእውነተኛ ባቡር ላይ እንዲህ ያለ በርጩማ የተለመደ አይደለም። ሠሪው ግን መንገደኛ በምን ላይ እንደሚቀመጥ ሲያስብ በመጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣው እሱ ነው። ይህ ባቡር የጅማ መሆኑን ለማወቅ ስም ሊጻፍበት አያስፈልግም።

ሐዲዱም ልብ ይስባል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ስለሆነች የተሰበረ ጃንጥላ ሞልቷል። የጃንጥላው የጎድን ሽቦ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሲፈለግም በቀስታ የሚቀለበስ በመሆኑ ለሐዲድ የተሠራ ያህል ይስማማል። ከቀርከሃ በተሰነጠቁ አግዳሚዎች ላይ ይታሰራል፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ስፋት ከዳር እስከ ዳር እንዳይለያይ በልኩ የተቆረጠ አንድ እንጨት እያስገቡ መለካት ነው። መታጠፊያው ሰፊ መሆን አለበት። ረጅም ፉርጎ ከሆነ ደግሞ አራቱን ጎማዎች ከወለሉ ጋር ማጣበቅ ስሕተት ነው፤ ሁለት ሁለቱ በየራሳቸው ትንሽ ሠሌዳ ላይ ተተክለው፣ ሠሌዳው በአንድ ሚስማር ወለሉ ላይ እንዲሽከረከር ይደረጋል።

ዝናቡ ለሐዲዱ ዕቃ ያቀርባል፣ ባቡሩን ግን ይጎዳዋል። ክረምት ሲገባ ካርቶኑ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ በዱቄት የተሠራ ሙጫ ይሻግታል፣ ቆርኪው ይዝጋል። ካርቶኑን የሻማ ሰም መቀባት፣ ባቡሩንም ከመሬት አንሥቶ ምድጃው አጠገብ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል፤ ያም ሆኖ ከሁለትና ከሦስት ክረምት የሚያልፍ ጣሳ ብርቅ ነው። ጎማና ጣሳ በየጊዜው ይለወጣሉ። በሂርማታው ባቡር ላይ የነበረው የወተት ጣሳ ሦስተኛው ሲሆን፣ ሁለቱ ቀደምቶቹ ዝገው ተጥለዋል፤ የጀበናው አንገት ግን ሸክላ ስለሆነ ከአንዱ ሎኮሞቲቭ እየተነቀለ በሌላው ላይ ተተክሏል።