አሌክሳንድሪያ ለምን ሪችመንድን ታስፈቅዳለች?

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ሲከፋን የከተማውን ምክር ቤት እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን የምክር ቤቱ እጅ የታሰረ ነው። ያሰረው «የዲለን ደንብ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአዮዋው ዳኛ ከጆን ዲለን ሲሆን፣ ሐሳቡን ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ከተማም ሆነ ካውንቲ ያለው ሥልጣን ክፍለ ግዛቱ ቆርሶ የሰጠው ብቻ ነው ይላል። ሕጉ ዝም ካለ ዝምታው ፈቃድ አይደለም። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆንም ፍርዱ ከተማው ሥልጣን የለውም ወደሚለው ያዘነብላል።

የፕላስቲክ ከረጢቱን ተመልከቱ። ደረሰኛችን ላይ የምናያትን 5 ሳንቲም አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ማስከፈል የጀመሩት በጃንዋሪ 2022 ነው። ይህን ለማድረግ ግን በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ያለው የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ አስቀድሞ በ2020 ሊፈቅድላቸው ግድ ነበር። አምስት ሳንቲም ናት እንግዲህ! የትምህርት ቤቶች መክፈቻ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር ከሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሚውለው የሠራተኞች በዓል) በፊት እንዳይከፍቱ ለዓመታት ያገዳቸው የክፍለ ግዛቱ ሕግ የላላው በ2019 ነው።

ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ከተማ አስተዳደር ወይም ስለ ባለሥልጣናት ሥነ ምግባር የቀረበ ረቂቅ ሕግ ስታነቡ፣ እባካችሁ አንዲት ቃል ፈልጉ፦ ከተማው «ይችላል» ነው የሚለው ወይስ «አለበት»? «ይችላል» ካለ፣ ረቂቁ ጸድቆም ሥራው አላለቀም፤ የከተማው ምክር ቤት ገና ሊወስን ነውና እዚያ ሄዳችሁ መናገር ይኖርባችኋል። «አለበት» ካለ ግን ጉዳዩ የሚቋጨው ሪችመንድ ነው፤ መደበኛው ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ተከፍቶ በጥቂት ሳምንታት ስለሚዘጋ፣ ለተወካያችሁ ቀደም ብላችሁ ጻፉ።