ጊታሩን አትውቀሱት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ሱቄ ገባ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ከኪሱ አንድ የታሸገ ላስቲክ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስድስት አዳዲስ መቃኛዎች ናቸው። አዲስ አበባ ያለች አክስቱን ለምኖ ነው ያስመጣቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ይቀይሩልኝ። አሮጌዎቹ ቅኝት አይዙም።»

ይህችን ንግግር ስሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ። ደሴ ውስጥ ቦክስ ጊታር ያለው ሰው ሁሉ ከመቃኛው ጋር የተጣላ ይመስለኛል። ጊታሩ ድምፁ ወረደ? መቃኛው ነው። ወጣ? መቃኛው ነው። ልጁ ራሱ ጣቱን አጣሞ ሲጫንም ጥፋቱ የመቃኛው ነው።

ጊታሩን ተቀብዬ አየሁት። ቀጭኗ ክር መቃኛው ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተጠምጥማለች። አንዱ ዙር በሌላው ላይ እየወጣ፣ ልክ ድመት እንደተጫወተበት ልቃቂት። ፈታኋት፣ ትርፏን ሳብ አድርጌ ሦስት ዙር ብቻ ወደ ታች በሥርዓት ደረደርኳት፣ የቀረውን ቆረጥኩ። አምስቱንም ሌሎች እንደዚያው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ቃኘሁና ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ሲጫወት ዋለ፤ ጊታሩ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ግን አልተደሰተም። መቃኛዎቹን ገዝቷላ!

እስቲ መቃኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቁልፉ ዘንግ እንደ ብሎን ጠመዝማዛ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ አንዲት ትንሽ ባለጥርስ ክብ ያዞራል፤ ክሩ የሚጠመጠመው ከዚያች ክብ ጋር በተያያዘው ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶው አንድ ጊዜ እንዲዞር ቁልፉን ከ14 እስከ 18 ጊዜ ያህል ማዞር አለባችሁ። ቁልፉ ክቡን ማዞር ይችላል። ክሩ ግን የፈለገውን ያህል ቢጎትት ቁልፉን ወደ ኋላ ማዞር አይችልም። የአሠራሩ ጥበብ እዚያ ላይ ነው። ርካሽ የሚባለው መቃኛ እንኳ ጥርሱ ካልተበላ ወይም ብሎኑ ካልላላ በራሱ አይፈታም። በዚህ ሥራ ስቆይ ለቅኝት ብዬ የቀየርኩት መቃኛ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከመሰንቆና ከክራር ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሙዚቃ መሣሪያ እነሱን ነው። የመሰንቆ መቃኛ እንጨት ነው፣ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ተጨናንቆ ብቻ የሚቆም። እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፣ ይሸሻል። የክራሩም እንደዚያው ነው። አዝማሪው በጨዋታ መሀል መቃኛውን ጠምዘዝ ሲያደርግ አይታችሁ አድጋችኋል። እዚያ ላይ ወቀሳው ልክ ነው። ጊታር ላይ ግን ሌላ ዕቃ ነው ያለው።

ታዲያ ጊታሩ ለምን ይሸሻል? አንደኛው ያው ጥምጠማው ነው። ዙር በዙር ላይ ከተደራረበ ክሩ በተጫወታችሁ ቁጥር እየተንሸራተተ ቦታውን ያስተካክላል። ሁለተኛው አዲስ ክር ነው። አዲስ ክር ይለጠጣል። ገጥማችሁ ቃኙ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክር በመሀሉ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ከጊታሩ ራቅ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙ። ሦስት አራት ጊዜ። የብረት ክር በዚህ መንገድ በአንድ ቀን አደብ ይገዛል። ናይለን ግን አንድ ሳምንት ቢያለፋችሁ አትገረሙ፣ ጠባዩ ነው።

ሦስተኛውን ማንም አይጠረጥረውም። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በታች፣ ክሮቹ የሚያልፉባት ስድስት ጭረት ያላት ነጭ ነገር አለች። ነት ይሏታል። ጭረቷ ከጠበበች ክሩን ትነክሰዋለች። ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ድምፁ አይነቃነቅም። ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም የለም። ከዚያ በድንገት «ጢን!» ብሎ ዘሎ ያልፋል። ያቺን «ጢን» ከሰማችሁ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። መድኃኒቱ የተማሪ እርሳስ ነው። ክሩን አላሉት፣ ከጭረቱ አንሱት፣ የእርሳሱን ጫፍ ጭረቱ ውስጥ ደጋግማችሁ እሹ፣ ክሩን መልሱ። የእርሳሱ ዱቄት ያሟልጠዋል። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ፊታቸው ላይ «ይሄ ሰውዬ ያሾፋል» የሚል ነገር አነባለሁ። ደግሞ ተመልሰው አይመጡም፤ ሠርቶላቸዋላ።

አራተኛው አቃቃኛችሁ ነው። ክሩ ድምፁ ከወጣባችሁ ወደ ታች አውርዳችሁ «ደረሰ» ብላችሁ አትተዉት። ከሚፈለገው በታች አውርዱትና ወደ ላይ እየወጠራችሁ ድረሱበት። ወደ ታች ስታወርዱ በጥርሶቹ መሀል ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ ሁለት ኮርድ ስትመቱ ክሩ ያንን ክፍተት ይበላውና ይወርዳል። ያኔ መቃኛውን ትሰድባላችሁ።

«በባቲ ቃኝልኝ»

ይህቺም የክራር ልጅ ነች። ባቲ የኛ፣ አምባሰል የኛ፤ በቅኝት ጉዳይ ወሎዬን የሚያስተምር የለም። ክራር ላይ ቅኝት ሲቀየር ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ፣ ልክ ነው። ጊታር ላይ ግን አሥራ ሁለቱም ድምፆች በፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በተርታ በተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ላይ፣ ተደርድረው ይጠብቋችኋል። ክሮቹ ሁልጊዜ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። የሚቀየረው የጣታችሁ መንገድ ነው። ከዶ ብትነሱ አንዱ ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ የወረደች ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ የወረደች ላ። ቅኝት ስትቀይሩ ቁልፍ መንካት አያስፈልግም።

«ጊታሬ ኮምቦልቻ ሲወርድ ተበላሸ»

አልተበላሸም። ሞቆት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ የተገላቢጦሽ። እንጨቱም የራሱ ጠባይ አለው፤ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል።

እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። በጥር ወር ባቲ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ማለዳ ደሴ ላይ፣ በዚያ ጣት በሚያደርቅ ብርድ፣ ጊታሬን አሳምሬ ቃኘሁ። ሐረጎን ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ባቲ ስንደርስ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ብለናል፤ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። እኔ ሆዬ ከቦርሳው አውጥቼ በቀጥታ ጀመርኩ። ከመሰንቆው ጋር ስንገናኝ ጆሮ የሚበጥስ ነገር ሆነ። እኔ ተደናግጬ ቁልፍ ስፈልግ አዝማሪው ፈገግ ብሎ «አብሽር» አለኝ። መቃኛውን አንዴ ጠምዘዝ አደረገና መሰንቆውን ወደኔ አወረደው። ስድስት ክር ተሸክሜ ባለ አንድ ክሩ አዳነኝ።

ከዚያ ወዲህ የሞቀ ቦታ ስደርስ ጊታሩን ከነቦርሳው ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ፣ ከዚያ አውጥቼ እቃኛለሁ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን ጨርሶ አትተዉት። እዚያ ጣጣው የቅኝት ብቻ አይደለም፣ ማጣበቂያው ይለሰልሳል።

«የብረት ክር ብገጥምለት ድምፁ ይጎላል»

ይህ የሚያስቀኝ አይደለም። አንድ እናት ሌሊት ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ከእንቅልፋቸው ባንነው ተነሥተዋል። የልጃቸው ጊታር ነበር። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ብሪጁ፣ ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከነክሮቹ ተገንጥሎ፣ የፊቱን እንጨት ልጦ ይዞ ወጣ። ልጁ የናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር ገጥሞ ነበር።

ስድስት የናይለን ክሮች በአንድ ላይ ጊታሩን የሚስቡት ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ነው። የተለመደው ቀለል ያለ የብረት ክር ደግሞ ወደ 70 ኪሎ። ለአርባ ኪሎ በተሠራ ስስ እንጨት ላይ ሌላ 30 ኪሎ ጫናችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ብሪጁ ዘንበል ይላል፣ ከኋላው ሆዱ ያብጣል፣ ክሮቹ ከአንገቱ ይርቃሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ይፈነዳል። ብዙዎቹ የናይለን ጊታሮች አንገታቸው ውስጥ የሚደግፍ ብረትም የላቸውም።

እንዴት ትለያላችሁ? አንገቱ ሰፊ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተት ካለ፣ ክሮቹ ብሪጁ ላይ በቋጠሮ የሚታሰሩ ከሆነ የናይለን ነው። ሻጩ «ሁለቱንም ይችላል» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ድምፅ ማጉላት ከፈለጋችሁ አዲስ የናይለን ክር ግጠሙ፤ ሦስት ዓመት የሞተ ክር ላይ እየተጫወታችሁ ጊታሩን «ደካማ» አትበሉት።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንበላቸው።

«ሌሊት ክሩን ማላላት አለብኝ።» የለባችሁም። ጊታር የተሠራው ተወጥሮ እንዲኖር ነው። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ብቻ አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርጉት።

«ክሮቹን ሁሉ አንዴ ካወጣሁ አንገቱ ይጣመማል።» አይጣመምም። እንዲያውም አንገቱን ለማጽዳት የሚመቸው ያኔ ነው።

«ክር የሚቀየረው ሲበጠስ ነው።» ሻማ የሚቀየረው ቤት ከጨለመ በኋላ ነው እንደማለት ነው። በየቀኑ የሚጫወት ሰው በሁለት ሦስት ወር ይቀይር። ከተጫወታችሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ብትጠርጉት ግን ዕድሜው ይረዝማል። የሚገድለው የእጃችሁ ላብ ነው።

«ቀቅዬ ተጠቀምኩበት።» ወፍራሞቹ የብረት ክሮች ላይ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ በጥምጥሙ መሀል የገባው ቆሻሻ ይወጣል። ከዚያ ክሩ ይሞታል።

«የምግብ ዘይት እንጨቱን ያለሰልሰዋል።» ይከረፋል! አንዷ ደንበኛዬ የኑግ ዘይት ቀብታ ያመጣችው ጊታር እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቫርኒሽ የተቀባ አንገት ምንም ዘይት አይፈልግም። ያልተቀባው ጥቁር እንጨት ለጊታር የተሠራውን ዘይት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጠብታ ያህል ይበቃዋል።

«ቱነር ጆሮ ለሌለው ሰው ነው።» ቱነር ክሩ ልክ መቃኘቱን የሚያሳይ ዕቃ ነው። ጆሮ የሚሠለጥነው ትክክለኛውን ሲሰማ ነው። በተዛባ ጊታር ስድስት ወር የተለማመደ ጆሮ ምን እንደሚማር አስቡት። የስልኩ አፕ በማይክ ስለሚሰማ ጸጥታ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ ላይ የሚቆነጠጠው ቱነር ግን የእንጨቱን ንዝረት ነው የሚያነበው፤ መናኸሪያ መሀል ቆማችሁም ትቃኙበታላችሁ። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው እሱን ይግዛ።

«ካፖ ካደረግኩ ይዛባል።» ካፖ አንገቱ ላይ ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ ነው። ቦታውን ስለማታውቁት ነው። በፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ጀርባ፣ በመቃኛዎቹ በኩል፣ ተጠግታችሁ አድርጉት። ክሮቹንም ወደ ጎን አትጎትቱ። ከዚያ በቱነር አንዴ ፈትሹ።

«የአንገቱን ብረት ባዞር ቅኝቱ ይስተካከላል።» ያ ብረት የአንገቱን ጉብጠት ነው የሚያስተካክለው፣ ቅኝትን አይደለም። ማዞር ግድ ከሆነም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፍ። ባትነኩት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በመፍቻ ጉልበት ያሳዩበትን አንገት ማዳን አልችልም።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ብዙ ሰው የሚፈራው የሐምሌና የነሐሴን ጉም ነው። ጉሙ ጊታሩን ያሳብጠዋል፣ ክሩን ያዝገዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይሰነጥቀውም። የሚሰነጥቀው የበጋው ድርቀት ነው። የአንገቱን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጣታችሁን ከቧጨረ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል። ጊታር የሚወደው እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 55 ያለው ነው። የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በትንንሹ ብሱት፣ ስፖንጅ አርጥባችሁ ጨምቁና ውስጡ ክተቱ፣ ጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት። ውኃ መንጠባጠብ የለበትም። በየሳምንቱ እዩት። ክረምት ሲገባ አውጡትና በምትኩ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏትን ትንሿን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምሩ። ከከሰል ምድጃው አጠገብ ደግሞ በምንም ወቅት አታስቀምጡት።

ልጁ ትናንት ተመልሶ መጣ። ጊታሩ ደህና ነው። መቃኛዎቹን ግን የሚገዛ ሰው እንዳለ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ከሱ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ጊታር ይዟል። ሰማና «መቃኛ አለ እንዴ? የኔም እኮ አይዝም» አለ።